ግንቡ ተሰርቷል፣ ልነሳ ወይስ ልቆይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ሰላም። ባለፈው እትም ስለ አደጋ ስጋት በጀት አንድ ሁለት ነገር ጣል አድርጌ ነበርና የመጣው ጥያቄ እራሱ አደጋ ሆነብኝ፣ ሁሉንም አልችልም፣ አምስቱን መርጫለሁ። አዲስ ለሆናችሁ፣ እዚህ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት አንድ ዞን ላይ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ዴስክ ስድስት አመት ሰርቻለሁ፣ ስለዚህ የምጽፈው ግማሹ ያነበብኩት ነው ግማሹ ደግሞ ያናደደኝ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ቀፊራ አጠገብ ደቻቱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ቤታችንም ከሱቁ ጀርባ ነው። በ98ቱ ጎርፍ የባለቤቴን ወንድም አጥተናል። አሁን ግንብ ስላለ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ምን ትፈሪያለሽ ይለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ትነሳላችሁ የሚል ወሬ ይመጣና ይጠፋል። ዳመና ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ልነሳ ወይስ ልቆይ? ብነሳስ ካሳ አለ?»

እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱታ የለም ስለሚባል አንቺ እያልኩሽ ልቀጥል። ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ ማንም እንዳያሾፍብሽ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላስታውስ። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ወንዝ ነው፣ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ተሰብስቦ በዚያ አሸዋ ወረደ፣ ከተማው ተኝቶ ነበር፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይላሉ አይደል፣ ይሄኛው ግን ለማሳሳቅም ጊዜ አልሰጠም።

ከዚያ በኋላ ግንቡ መጣ። ግንቡ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ስለ ግንብ ሰው የማይነግርሽ ነገር አለ፣ እያንዳንዱ ግንብ የሚሰራው ይሄን ያህል ውሃ ይችላል ተብሎ ተሰልቶ ነው፣ ከዚያ በላይ ከመጣ ዘሎ ይገባል። ደግሞ ጎርፍ ውሃ ብቻ አይደለም፣ አሸዋና ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አሸዋው ስር እየተኛ ሲሄድ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ወለሉ ከፍ ሲል ግንቡ ማንም ሳይነካው አጠረ ማለት ነው። አንድ ቀን ሱቅሽን ስትከፍቺ ሂጂና ግንቡ ስር ቁሚ፣ አምና ደረትሽ ጋ የነበረው ድንጋይ ዘንድሮ ወገብሽ ጋ ከሆነ መልሱን አግኝተሻል። ግንብ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ አሸዋ ሲጠረግ ግን ማን ሪባን ይቆርጣል? ስለዚህ ለግንባታ ብር ይገኛል ለጥገና ይጠፋል። በስብሰባ ላይ ከጠየቅሽ አይቀር «ስጋት አለ ወይ» ብለሽ አትጠይቂ፣ አለ ይሉሻል አለቀ። «አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተጠረገ፣ ዘንድሮ ለመጥረጊያ ስንት ብር ተይዟል» በያቸው።

ሌላው ጣጣ ውሃው የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ መሆኑ ነው። ድሬዳዋ የራሷ አስተዳደር ናት፣ ላይ ያለው ተራራ ግን አብዛኛው ኦሮሚያ ክልል ነው፣ ጎርፉ ወሰን አያውቅም በጀቱ ግን ወሰን ላይ ይቆማል። እርከኑና ክትሩ መሰራት ያለበት ላይ ነው፣ የሚጠቀመው ደግሞ ታች ያለው ከተማ። አንዱ ለሌላው እንዲከፍል ወይ ደግሞ ፌደራል መሀል ገብቶ እንዲያቀናጅ ካልተደረገ ታች ያለው ሰው ግንብ ሲያስረዝም ይኖራል።

ካሳውን በተመለከተ፣ ይዞታሽ ህጋዊ ከሆነና ለህዝብ ጥቅም ተብሎ ከተነሳሽ አዋጅ 1161/2011 ካሳ ይፈቅድልሻል። ጎርፍ ለወሰደው ቤት ግን ያ አዋጅ አይሰራም፣ ያኔ የሚመጣው እርዳታ ነው፣ እርዳታ ደግሞ እንደ እድልሽ ነው። ስለዚህ ካርታሽን፣ የግብር ደረሰኝሽን፣ የመብራትና የውሃ ቢልሽን ፎቶ አንሺና ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኪ፣ ዛሬውኑ።

ልነሳ ወይ ላልሽው የኔ ምክር፣ ሱቁ ይቆይ መኝታውን አንሺ። በ98 ሰው የሞተው ሌሊት ስለሆነ ነው። ቀን ላይ ነቅተሽ ሩጠሽ ታመልጫለሽ፣ እቃ ይሂድ። ከፍ ያለ ሰፈር ዘመድ ካለሽ በዝናብ ወራት ልጆቹ እዚያ ይደሩ፣ ዝናብ ወራት ስል ደግሞ ክረምት ብቻ አይደለም፣ ሚያዝያ 2012 ላይም ድሬ ላይ ጎርፍ ሰው ገድሏል። እና ደጋው ላይ የምታውቂው አንድ ሰው ይኑርሽ፣ ነጋዴ ይሁን ሹፌር፣ «እዚህ ከባድ ጥሏል» ብሎ የሚደውልልሽ። መንግስት ሳይረን ቢተክል ጥሩ፣ እስኪተከል ግን ስልክሽ ሳይረንሽ ነው።

«መምህር ነኝ፣ ከወልዲያ። ስለ 66ቱና ስለ 77ቱ ድርቅ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ድርቅ እንደሚመጣ ከታወቀ ብሩ ለምን ቀድሞ አይቀመጥም?» አለኝ። እሺ ምን ልበለው?»

ለልጁ በመጀመሪያ ጎበዝ በለው። ሚኒስትሮች የሚሰበሰቡበት ጥያቄ ነው እኮ።

እቅድ የለም እንዳትለው ብቻ። እቅድ ሞልቷል። በ66ቱ ድርቅ ማግስት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ87 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ፣ በኋላ ግብርና ሚኒስቴር ስር ገባ፣ በ2008 እንደገና ኮሚሽን ሆኖ ወጣ፣ አሁን የአደጋ ስጋት ስራ አመራር ኮሚሽን ተብሎ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትር ጽህፈት ቤት ነው። ታፔላ ሰሪዎች ተጠቅመዋል። ቀልዱን ትተን፣ የስም ለውጡ ትርጉም አለው፣ ከ«እርዳታ» ወደ «መከላከል» ከዚያ ወደ «ስጋት» ሄዷል፣ ማለትም ሰው ከተራበ በኋላ ማብላት ሳይሆን ቀድሞ ስጋቱን መቀነስ ነው ሀሳቡ። በ2005 የወጣው ብሄራዊ ፖሊሲም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወረዳዎችም ስጋታቸው ተጠንቶ ፕሮፋይል ተሰርቶላቸዋል። ወረቀቱ ላይ ምንም አይጎድልም።

ብሩ ነው ወረቀቱን ያልተከተለው። ድሮ እኛ ጋ እንዴት ይሰራ እንደነበር ልንገርህ። በልግ ሲያልፍ ዳሰሳ እንወጣለን፣ መኸር ሲደርስ እንደገና እንወጣለን፣ ተረጂው ይሄን ያህል ነው እንላለን፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀነሳል ይደመራል ይደራደሩበታል፣ ከዚያ የእርዳታ ጥሪ ይወጣል፣ ለጋሽ ቃል ይገባል፣ እህሉ ይገዛል፣ መርከብ ላይ ይጫናል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ መኪና ይፈለጋል። አንድ ጊዜ የካቲት ላይ ከአንድ ገበያ ሪፖርት ጻፍኩ፣ አንድ ፍየል ሲሸጥ አንድ ኩንታል በቆሎ ይገዛ የነበረው ግማሽ ኩንታል እንኳን አልገዛ ብሏል ብዬ። ይሄ ቁጥር ለኛ ሙያ የማንቂያ ደወል ነው፣ ሰው ከብቱን በርካሽ መጣል ጀመረ ማለት ነዋ። ግንቦት ላይ እዚያው ገበያ ስመለስ ፍየል የለም፣ የሚሸጠው የቤት ቆርቆሮ ነበር፣ ሚስማሩ የተነቀለበት ቀዳዳው እየታየ፣ ክረምት ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ጣራቸውን አውርደው። እህሉ የደረሰው ነሐሴ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ቀድሞ ብር ሲቀመጥ ግን እንደሚሰራ አይተናል እኮ፣ ይሄን ለልጆቹ ንገራቸው። ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ሀሳቡ ቀላል ነበር፣ በየአመቱ እንደሚቸገር የሚታወቅን ሰው በየአመቱ ድንገተኛ ተረጂ ማለት ውሸት ነው፣ ስለዚህ ስሙ ይመዝገብ ድጋፉ በፕሮግራም ይምጣ፣ መስራት የሚችለው እርከን ይስራ ኩሬ ይቆፍር፣ የማይችለው አዛውንትና አካል ጉዳተኛ በቀጥታ ይደገፍ። ወደ 8 ሚሊዮን ሰው ደርሷል። ችግር አልነበረበትም አልልህም፣ ምልመላው ላይ ዝምድና ይገባል፣ ክፍያው ይዘገያል፣ ከባዱን ወጪ የሸፈኑትም ለጋሾች ናቸው። ግን በ2008 በኤልኒኖ ምክንያት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲቸገር እንደ 77ቱ ያለ እልቂት ያልደረሰው አንዱ በሴፍቲኔት ነው፣ ሌላው መንግስት ከራሱ ካዝና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ቀድሞ ስላወጣ ነው፣ ሌላው ደግሞ በመጠባበቂያ እህል ነው። መጠባበቂያው እንዴት እንደሚሰራ ሳስበው ደስ ይለኛል፣ እርዳታ ድርጅቱ መርከቡ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ቃል የተገባለትን አሳይቶ ከመጋዘን እህል ይበደራል፣ የራሱ ሲደርስ ይመልሳል። ልክ እናቶቻችን ከጎረቤት ዱቄት እንደሚበደሩት። የማይመልስ ሲበዛ ግን መጋዘኑ ባዶ ይሆናል፣ ያው እንደ ጎረቤቱ።

አንድ የምወደው ታሪክ ልጨምርና ልለፍህ። በ1998 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከመንግስት ጋር ሆኖ ለኢትዮጵያ ድርቅ ኢንሹራንስ ገዛ፣ አክሳ ሬ ከሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር፣ ዝናቡ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ደግሞ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል። ዳሰሳ የለ ድርድር የለ፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ቁጥር ብቻ ይታያል። ምን ሆነ? ጥሩ ዘነበ። አረቦኑ ሄደ፣ ምንም አልተከፈለም፣ ተመስገን መባል ሲገባው የተበላ ብር ነው ያሉ ነበሩ። እንግዲህ ለልጁ መልሱ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ ያልደረሰ አደጋ ፎቶ የለውም። የተራበ ህጻን ፎቶ ብር ያመጣል፣ ያልተራበ ህጻን ፎቶ ምንም አያመጣም። እኛ ብቻ አይደለንም ደግሞ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2019 ድረስ አለም ላይ ከአደጋ ጋር ለተያያዘ ነገር ከተሰጠው የልማት እርዳታ ከ100 ዶላር ለመከላከል የዋለው 4 ዶላር ገደማ ነው።

«ከደቡብ ነው የምጽፈው፣ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ ነኝ። ከቀበሌያችን በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ሰኔ ውስጥ ስንጥቅ አየሁ፣ እጄን ያስገባል። ገበሬዎቹ ድሮም ነበር ይላሉ። የጎፋው ትዝ እያለኝ ጨንቆኛል፣ ለማን ልናገር?»

ወንድሜ ይሄን ጥያቄ ሳነብ ሌሎቹን ትቼ መጀመሪያ ለብቻህ መልስ ልኬልሃለሁ፣ እዚህ የማወጣው ለሌሎች ነው።

ስንጥቁ ግራና ቀኝ እንጨት ቸክልና በመሀላቸው ያለውን ርቀት በገመድ ለካ፣ በየሁለት ቀኑ ለካው ጻፈው። እየሰፋ ከሄደ፣ ዛፉ ማዘንበል ከጀመረ፣ ንጹህ የነበረ ምንጭ ከደፈረሰ ወይ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ከወጣ፣ የቤት በር አልዘጋ ካለ ስብሰባ አያስፈልግም፣ ከስር ያሉት ቤቶች በዚያው ቀን ይልቀቁ።

ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ሐምሌ 2016። ብዙ ሰው ግን የማያስተውለው ነገር፣ መጀመሪያ የተንሸራተተው አፈር ያገኘው ጥቂት ቤተሰቦችን ነበር። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጠ፣ መምህሩ የጤና ባለሙያው የቀበሌው ሰው ሁሉ በእጁ ሊቆፍር ወጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው መጣባቸው። በድምሩ ከ220 በላይ ሰው። የገደላቸው ደግነታቸው ነው ማለት ይቻላል፣ ይሄን ስጽፍ እራሱ ጉሮሮዬ ይያዛል። ስለዚህ እቅድ ስታወጡ «ማን ይቆፍራል» ብቻ ሳይሆን «ሲቆፈር ማን ላዩን ያያል» የሚለውንም ጻፉ፣ አንድ ሰው ማዶ ቆሞ ተራራውን ብቻ የሚመለከት፣ ጡሩምባ ይሁን ፊሽካ የያዘ።

ለማን ልናገር ላልከው፣ በአፍ አትናገር። ለቀበሌ በደብዳቤ፣ ግልባጭ ለወረዳ አደጋ ስጋት ጽህፈት ቤት፣ ፎቶና የለካኸው ቁጥር ይያያዝ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጠው። ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዲገባ አድርግ። ወረዳው ብር የለኝም ሊልህ ይችላል፣ እውነቱንም ነው፣ የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ግን ቤተሰብ ለሁለት ወር ወደ ትምህርት ቤት ማዛወር ክረምት ላይ ትምህርት ስለሌለ ብዙ ብር አይፈልግም፣ ወንበር ማውጣትና ሳር ማንጠፍ ነው። እሱን ሰበብ እንዳያደርጉብህ።

«ሰሚት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነኝ። አምና ታኅሣሥና ጥር አልጋዬ ሲወዛወዝ ከረመ፣ አሁን ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ። መንግስት ህንጻዎቹን ይፈትሻል? ወይስ እንጸልይ?»

ሁለቱም ይሻላል። ያ መንቀጥቀጥ ምንጩ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 የደረሰው 5.7 ገደማ ነበር፣ እዚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጥቷል፣ እኛ አዲሳባ ያለነው መብራቱ ሲወዛወዝ ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ ለጠፍን። ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው የምንኖረው፣ አዲስ ነገር አይደለም። በ1953 ካራቆሬ ላይ (የአዲሳባው ካራ ቆሬ አይደለም፣ ወደ ወሎ መንገድ ያለው) የደረሰው ማጀቴን አፍርሷል።

የህንጻ ኮድ አለን፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ የተለየ ክፍል ያለው፣ አዲሱ ላይ የአዲስ አበባ ስጋት ከድሮው ከፍ ተደርጎ ነው የተቀመጠው። ያንቺ ህንጻ የተሰራው በየትኛው ነው የሚለውን የቤቶች ማህበራችሁ በደብዳቤ ዲዛይኑን ይጠይቅ። ስንጥቁ ብሎኬቱና ቢሙ የሚገናኙበት ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የልስን ጉዳይ ነው። ኮለን (ቋሚ ምሰሶው) ላይ ከሆነ፣ በተለይ አግድም ወይ ሰያፍ የሄደ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ መሃንዲስ ጥሪ፣ ወጪውን ብሎኩ ያዋጣ። እኔን ከመንቀጥቀጡ በላይ የሚያስፈራኝ ምን መሰላችሁ፣ ምድር ቤት ሱቅ ለማስፋት ግድግዳ የሚያፈርሰውና ኮለን የሚጠርበው ጎረቤት ነው። ሌሊት መዶሻ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። ሲነቃነቅ ደግሞ ደረጃ ላይ አትሩጪ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቢ፣ ሲቆም ውጪ።

«ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ። ቤት ልንገዛ ነው፣ ቤዝመንት አለው፣ ወንዝ ቢጤ ከጀርባው አለ። ደላላው ኢንሹራንስ አለህ አትጨነቅ አለኝ፣ እውነት ነው?»

አይደለም። አሜሪካ ላይ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ከመንግስቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ስትገዛ ደግሞ ሞርጌጅ ስትዘጋ አብረህ ካልገዛህ በስተቀር ስራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፣ ዜና ላይ ዝናብ ሲባል መሮጥ ዋጋ የለውም። ቤዝመንት ላይ ደግሞ ሽፋኑ ጠባብ ነው፣ ማሞቂያውና የውሃ ቦይለሩ ይገባል፣ ሶፋህና ያሳመርከው ግድግዳ አይገባም። ከናንተ ብዙ የማይርቀው ኤሊኮት ሲቲ እንደ ፈረንጅ በ2016 ተጥለቀለቀ፣ አንድ ሺህ አመት አይደገምም ሲሉ በ2018 ደገመ።

የፌማን (የፌደራሉን የአደጋ መስሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ በአድራሻህ ፈልግ፣ ነጻ ነው። ከዚያ የካውንቲህን የአደጋ ቅነሳ እቅድ አውጥተህ እይ፣ በየአምስት አመቱ ማደስ ግዴታው ነው፣ እቅድ የሌለው ካውንቲ ከፌዴራል የቅነሳ ብር አያገኝም፣ ካገኘ ደግሞ ብዙ ጊዜ 75 በመቶውን ፌደራል 25ቱን እዚያ ያለው ይችላል። ከቤትህ ጀርባ ያለው ወንዝ እቅዱ ውስጥ በስም ካለ ሁለት ጊዜ አስብ፣ ዋጋም ተደራደር። ደላላውን ደግሞ ያለውን ነገር በኢሜይል ይጻፍልህ፣ አይጽፍም።